ገመድ ፈቺዋ ጉዲቱ ነጋሳ

ዛሬ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ስሜ ሰይፈሚካኤል ዲበኩሉ ተክለሃይማኖት ይባላል። ዕድሜዬ ስድሳ አንድ ዓመት ሲሆን፣ ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚያስወጣው መንገድ ዳር በሚገኝ የከባድ መኪና ማቆሚያ ግቢ ውስጥ በጥበቃ ሠራተኛነት አሥራ አራት ዓመት አገልግያለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። መምህርት ሚልካ ኢተፋ የከተማችን ተራ ሰዎች ሕይወት በትምህርት ቤታቸው መጽሔት ላይ እንዲወጣ ስለፈለጉ፣ «አንድ ሰው መርጠው ይጻፉልኝ» ባሉኝ ጊዜ ወይዘሮ ጉዲቱ ነጋሳን መረጥኩ። የመረጥኳቸው ወዳጄ ስለሆኑ አይደለም። ስለ እርሳቸው አንድ ጊዜ የተሳሳተ ነገር በፊርማዬ ስላጸናሁ፣ ትክክለኛውንም በፊርማዬ ማጽናት ስለሚገባኝ ነው። ከዚህ በታች ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን ደግሞ ከማን እንደሰማሁት ለይቼ እጽፋለሁ።

ወይዘሮ ጉዲቱ እንደነገሩኝ፣ የተወለዱት ደራ አጠገብ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። አባታቸው ቃጫ እየፋቁ ገመድ ይገምዱና ደራ ገበያ ያወጡት ነበር። ልጆቹ ሁሉ በዚሁ ሥራ ሲያግዙ፣ የተወሳሰበውንና የተቋጠረውን እየለየች የምትፈታው ጉዲቱ ነበረች። ትዕግሥተኛ ስለነበሩ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ምን ትዕግሥት አለኝ? ጥፍሬ ጠንካራ ነበር እንጂ» ብለውኛል። ትዳር ሲይዙ ወደ አዳማ መጡ። ባላቸው ዱጋሳ ጭነት አሳሪ ነበር። እርሱ በሕመም ከሞተ በኋላ፣ ዛሬ ስምንት ዓመት ሊሆን ነው፣ አዲስ ገመድ እየጠቀለሉ ከግቢያችን በር አጠገብ ተቀምጠው መሸጥ ጀመሩ።

ወደ ገመድ ፈቺነት የተሸጋገሩበትን ቀን ግን እኔ ራሴ አይቻለሁ። ከጅቡቲ የመጣ አንድ ሹፌር፣ የጭነቱ ቋጠሮ በጨውና በአቧራ ድንጋይ ሆኖበት ቢላዋ አወጣ። ወይዘሮ ጉዲቱ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣

«ቢላዋህን ኪስህ ክተት» አሉት።

«ምን አገባሽ እናቴ? ብቆርጠው አዲስ ገመድ የምትሸጪልኝ አንቺ አይደለሽም?»

«እሸጥልሃለሁ። ደህናውን ገመድ አርደህ ስትመጣ ግን አልሸጥልህም።»

ተነሡና ከቀሚሳቸው ኪስ አንድ ስንዝር የማይሞላ የበሬ ቀንድ ጫፍ አወጡ። ከአባታቸው እጅ የተቀበሉት ነው፤ ከብዙ ዘመን አጠቃቀም የተነሣ እንደ መስተዋት ያበራል። ሹፌሩ ገመዱን ሲጎትት የነበረ ሲሆን፣ እርሳቸው ግን በተቃራኒው ገመዱን ወደ ቋጠሮው ገፉት። የተገፋው ገመድ ትንሽ ሲፋፋ የቀንዱን ጫፍ አስገቡና አንድ ጊዜ አዞሩት። ቋጠሮው ሻይ ቀድቶ ለመጠጣት በሚበቃ ጊዜ ውስጥ ተፈታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹፌር ሁሉ ይጠራቸው ጀመር። አንድም ገመድ ሲቆርጡ አላየሁም።

እኔ ግን ተጠራጠርኳቸው። የጥበቃ ሠራተኛ የሚጠራጠረው በደመወዙ ነው። የማንንም ቋጠሮ መፍታት የሚችል ሰው፣ ባለቤቱ በሌለበትም መፍታት ይችላል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ የት እንደተቀመጡ፣ ከየትኛው መኪና አጠገብ እንደቆሙ በግል ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን በሹፌሮች ፊት፣

«ሴትዮ፣ የሁሉም ሰው ቋጠሮ የሚፈታልሽ ከሆነ፣ እስከ ዛሬ ያልተፈታልሽ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የእርስዎ ፊት ነዋ፣ ጋሽ ሰይፌ» አሉኝ።

ሹፌሮቹ ለብዙ ጊዜ ሳቁ። ያንንም በደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ። መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጉተማ የተባለ ሹፌር የፔርሙዝ ካርቶን የጫነ ተሳቢ ይዞ ከአዋሽ መንገድ ወደ ግቢያችን ገባ። ጭነቱ በሸራ የተሸፈነና በቃጫ ገመድ የታሰረ ነበር። ጉተማ የናይለን ገመድ ያንሸራትታል ብሎ ስለሚያምን በቃጫ እንጂ በሌላ አያስርም። በመግቢያ መዝገቡ ላይ፣ «ገመድ፦» በሚለው ቦታ «ጥብቅ» ተብሎ በእጄ ጽሑፍ ተጽፏል። በማግሥቱ ጠዋት የዕቃው ባለቤት ወኪል የሆነው ሚኪያስ ጭነቱን ወደ ሞጆ ሊያስቀጥል ሲመጣ፣ በተሳቢው ግራ በኩል የኋላው ገመድ ከመንጠቆው ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ የሸራውም ጥግ ተከፍቷል። ሲቆጠር ስድስት ካርቶን ጎደለ።

«ማነው የፈታው?» አለ ሚኪያስ።

ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ተመለከተ። ወይዘሮ ጉዲቱ በዋዜማው ከጉተማ መኪና አጠገብ የቆሙ የሁለት መኪኖች ገመድ ፈትተው ነበር። ፖሊስ ሲመጣ ቃሌን እንዲህ ብዬ ሰጠሁ፤ «ገመዱ ሲገባ ጥብቅ ነበር። ጠዋት ተፈትቶ አገኘሁት። በዚህ ግቢ ገመድ በመፍታት የምትታወቅ አንዲት ሴት አለች።» ፈረምኩ።

ቀንዳቸውን በፖስታ አሽገው ለማስረጃ ወሰዱት። እርሳቸውንም ወሰዷቸው። በመኪናው በር ላይ ዘወር ብለው፣

«ጋሽ ሰይፌ፣ ያንን ገመድ ሲገባ በእጅዎ ነክተውታል?» አሉኝ።

«መዝገቡ ላይ ተጽፏል።»

«መዝገቡ እጅ አለው?»

በሦስተኛው ቀን በዋስ ወጡ። የግቢው አስተዳደር ግን ነገሩ በፍርድ ቤት እስኪለይ ድረስ በሩ አጠገብ እንዳይደርሱ ከለከላቸው። ዐቃቤ ሕግ ክስ ለመመሥረት የቀሩትን ማስረጃዎች እየጠበቀ መሆኑን ሰማሁ። ከማስረጃዎቹ ዋናው የእኔ መዝገብ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ሚኪያስ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ወደ ጥበቃ ቤቴ መጣ። ለመድን ድርጅት የሚላክ መሆኑን ነግሮኝ፣ የብዕሩን ክዳን ከፍቶ ሰጠኝ።

«የማላነበው ወረቀት ላይ አልፈርምም» አልኩት።

«አባቴ፣ ለፖሊስ የሰጡት ቃል ነው። ተተርጉሞ ነው እንጂ ቃል በቃል የእርስዎ ነው።»

«ቃል በቃል ከሆነ ቃሉን አሳየኝ።»

በጣቱ አንዱን ጠቆመኝ። «ይኸውልዎ፣ አንፋስን። ፈታ ማለት ነው። በቃ።»

«በቃ» የሚለኝን ሰው አላምንም። የቃሉን ፊደላት አንድ በአንድ ወደ ደብተሬ ገለበጥኩና ወረቀቱን መለስኩለት። «ትርጉሙን ሳረጋግጥ እፈርማለሁ» አልኩት። እያጉረመረመ ሄደ።

በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ ወደ መምህርት ሚልካ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህርቷ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ አባታቸውን ስለማውቃቸው በአባትነት ነው የሚያዩኝ። ደብተሬን ሲያዩ ከመደርደሪያው ወፍራም መዝገበ ቃላት አወረዱ።

«ቃሉ ሁለት ክፍል አለው፣ አባባ። ከፊት ያለችው ‹አን› የተሠራውን ሥራ ወደ ኋላ ትመልሳለች። ‹ፋስን› ደግሞ ማጥበቅ፣ ከቦታው እንዳይነቃነቅ አድርጎ መያዝ ነው። ስለዚህ የጠበቀውን ማላላት፣ የተያዘውን መልቀቅ ማለት ነው። ቀበቶም ሲሆን፣ ቁልፍም ሲሆን፣ ገመድም ሲሆን።»

«ከየት የመጣ ነው?»

«ቃሉ?» ሳቁ። «መታወቂያ ሊጠይቁት ነው እንዴ?»

«እኔ በር ላይ የምቆም ሰው ነኝ፣ መምህርት። ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ አላስገባም።»

ገጹን ገለጡና እያነበቡ ነገሩኝ። «ከጥንቱ እንግሊዝኛ የወረደ ነው። ሥሩ ‹ፋስት› ይባላል። ዛሬ ብዙ ሰው ፈጣን ለማለት ነው የሚጠቀምበት፤ የቀድሞው ትርጉሙ ግን ጽኑ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነው። ጾምን የሚጠሩበት ቃልም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ ራስን አጽንቶ መያዝ ነውና።»

«ጾምን?»

«አዎ። እኛ ጴንጤዎችም እንጾማለን፣ አባባ፣ አይደንግጡ።»

የደነገጥኩት በዚያ አልነበረም። መምህርቷም ይህን አላወቁም፤ መዝገበ ቃላቱን ዘግተው ቀጠሉ። «እንግዲህ ይህ ቃል የሚነገረው አስቀድሞ የጠበቀ ነገር ሲኖር ነው። አንድ ሰው አጠበቀው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ያንን አፈረሰው ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ከፈረሙ፣ ገመዱ ጠብቆ እንደነበር ይመሰክራሉ። ጠብቆ ነበር?»

«መዝገቡ ላይ ጥብቅ ይላል።»

«መዝገቡን አይደለም የጠየቅሁት። እርስዎን ነው።»

አመስግኜ ወጣሁ። የአንድ ሰው ቃል ስለማይበቃኝ፣ በዕረፍት ቀኔ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሞጆ ድረስ ሄድኩ። በዚያ ደረቅ ወደቡ አጠገብ የትራንዚት ሥራ የሚሠራ አዶኒያስ የተባለ የባለቤቴ ዘመድ አለ። ደብተሬን አሳየሁት። መምህርቷ ያሉትን ደገመልኝ።

«ጋሼ፣ ለአንዲት ቃል ብለው ነው ከአዳማ የመጡት?»

«ለቃሏ አይደለም። ከሥሯ ለሚሰፍረው ስሜ ነው።»

እዚህ ላይ እስከ አሁን ያልጻፍኩትን እጽፋለሁ። በግቢያችን ደንብ መሠረት የጥበቃ ሠራተኛ የሚገባውን መኪና ገመድ ሁሉ በእጁ ጨብጦ ከሳበ በኋላ ነው ጥብቅ ወይም ላላ ብሎ የሚመዘግበው። መጋቢት 18 የሁዳዴ ጾም ነበር። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አልቀምስም። ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ ለዘጠኝ ሰዓትም ግማሽ ሰዓት ቀርቶ ነበር። የጉተማ መኪና ሲመጣ ከጥላው አልተነሣሁም። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ የበሩን ማገጃ በማንሻ ገመዱ ስቤ ከፈትኩለት፤ ሲያልፍ ቀኝ ጎኑን ብቻ አየሁ፤ «ጥብቅ» ብዬ ጻፍኩ። ጾሜን አጽንቼ ይዤ ነበር። የጭነቱን ገመድ ግን አልያዝኩትም። መምህርት ሚልካ ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር መውጣታቸውን ሲነግሩኝ የደነገጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሞጆ እንደተመለስኩ ወደ ጥበቃ ቤቴ ገባሁ። ፖሊስ ያንን ገመድ በአደራ ለእኔ ትቶት ነበር፤ ከነተጠቀለለበት ከአልጋው ሥር አወጣሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ዘርግቼ አላየሁትም። ጫፉ ላይ ለመንጠቆው የተሠራው ቀለበት ከነቋጠሮው እንደታሰረ ነበር።

ገመዱን በፌስታል ይዤ ገንደ ሀራ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ ወይዘሮ ጉዲቱ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ከመቂ የመጡ ባዶ የሽንኩርት ከረጢቶችን አፍ ይፈታሉ። ቀንዳቸው በፖሊስ እጅ ስለነበረ የሚሠሩት በማንኪያ እጀታ ነው። የሁለት ጣቶቻቸው ጥፍር ተሰብሯል።

«አካም፣ ጋሽ ሰይፌ! ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያስይዙ መጡ?»

«ገመዱን ይዤ መጥቻለሁ።»

ተቀብለው ዳበሱት። ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። «ይሄ ውሃ የጠጣ ገመድ ነው» አሉ።

«እንዴት ያለ ውሃ?»

«የጀሪካን ውሃ። ቃጫ ሲርስ ያጥራል፤ ይወጠራል። አንዳንዱ ሹፌር አጥብቆ ማሰር ይደክመውና አዋሽ ላይ አንድ ጀሪካን ይደፋበታል። ፍተሻ ላይ ቢነካ ክራር ነው! ከዚያ የመተሐራ ፀሐይ ያገኘዋል። ወለንጪቲ ሲደርስ ደርቆ እንደ እኔ መቀነት ይላላል። መኪናው ሲዘል ከመንጠቆው ይወጣል።» ቀለበቱን አነሡና ዓይኔ ሥር አደረጉት። «ይህን ቋጠሮ ይመልከቱ። እኔ ፈትቼው ከነበረ ይሄ ምንድን ነው? ፈትቼ፣ ሰርቄ፣ መልሼ አስሬ ለእርስዎ ማስታወሻ ተውኩልዎት?»

«ገመዱን ሳልነካው ነው ጥብቅ ብዬ የጻፍኩት» አልኳቸው።

ሥራቸውን አቆሙ።

«ለእኔ ምን ይነግሩኛል? እኔማ የዚያኑ ቀን አውቄዋለሁ። ለጻፉበት ወረቀት ይንገሩት።»

«ከሥራ ሊያስወጡኝ ይችላሉ።»

«እኔንስ ከየት አስወጡኝ?» አሉና ማንኪያቸውን አነሡ። ይሂዱ አላሉኝም፤ ይቀመጡም አላሉኝም።

የእርሳቸውንም ቃል ቢሆን ሳላረጋግጥ መቀበል አልፈለግሁም። በማግሥቱ አሥር ክንድ የቃጫ ገመድ ገዛሁ። በግቢው ጀርባ ተደራርበው የተቀመጡ አሮጌ ጎማዎች አሉ። ገመዱን በጎማዎቹ ላይ አዙሬ አሰርኩና አንድ ጀሪካን ውሃ ደፋሁበት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በገመዱና በጎማው መካከል ጥፍሬን እንኳ ማስገባት አልቻልኩም። እዚያው ፀሐይ ላይ ቆምኩ፤ ጥላ ሥር ሆኜ ሌላ ስህተት እንዳልጨምር ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ሁለት ጣቴ ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭብጤ ሙሉ ገባ። ቋጠሮው ግን አንድም አልተነካም።

ጉተማ በዚያው ሳምንት ሲመጣ ወደ ጎማዎቹ ወሰድኩት።

«አንድ ጀሪካን ነው ወይስ ሁለት?» አልኩት።

ገመዱን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «ማን ነገረዎት?»

«ጎማው።»

«አንድ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጋሼ፣ ሁሉም ያደርገዋል እኮ! ሴትዮዋን ይይዟታል ብዬ አልጠበቅሁም።»

«ከያዟት በኋላስ?»

ከእኔ ጋር ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንዲሄድ ነገርኩት። ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። በሦስተኛው፣ «እንግዲያስ ማገጃውን አልከፍትልህም» አልኩት፤ ከፊት ወንበሩ ጃኬቱን አንሥቶ ተከተለኝ።

መርማሪው የሰጠሁትን አዲስ ቃል ጽፎ ካነበበልኝ በኋላ፣ «አባቴ፣ ይህን ሲፈርሙ ጥፋቱን ወደ ራስዎ እያዞሩ መሆኑን ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። አውቃለሁ አልኩና ፈረምኩ። ወደ ግቢው ተመልሼም በመግቢያ መዝገቡ ላይ «ጥብቅ» የሚለውን ሳልፍቅ በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ከጎኑ «አልነካሁትም» ብዬ ጻፍኩና ቀኑን አሰፈርኩበት። የሚኪያስን የእንግሊዝኛ ወረቀት አልፈረምኩም። ሌላ አዘጋጅቶ ሲያመጣም መምህርት ሚልካ ከላይ እስከ ታች ካነበቡልኝ በኋላ ነው የፈረምኩት። ያ ቃል በውስጡ የለም።

ሚያዝያ 24 ቀን የፖሊስ ምርመራ መዝገቡ ተዘጋ። ቀንዱን እኔ ተቀብዬ ላምጣልዎት ብላቸው ወይዘሮ ጉዲቱ እምቢ አሉ። «ከእጄ የወሰዱት ሰዎች በእጄ ይመልሱልኝ» ብለው ራሳቸው ሄደው ፈርመው ተቀበሉ። ስድስቱ ካርቶኖች የት እንደወደቁ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የማላውቀውን አልጽፍም። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ከፊት በር ተነሥቼ ወደ ጀርባው አጥር ተዛውሬአለሁ። ሹፌሮቹ በአጠገባቸው ሳልፍ፣ «ጥብቅ መጣ!» እያሉ ይሳለቁብኛል። ይበሉ።

ወይዘሮ ጉዲቱ ወደ ቦታቸው ከተመለሱ አሥር ቀን ሆኗቸዋል። ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ። «እናያለን» ነው ያሉኝ፤ ከዚያ ያለፈ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይህን ለመጻፍ ከመቀመጤ በፊት የጉተማ መኪና ከአዋሽ ገባ። ሥራዬ ባይሆንም ከጀርባው አጥር ተነሥቼ ወደ ፊት በር ሄድኩ። ወይዘሮ ጉዲቱ ቀንዳቸውን በቀሚሳቸው እየወለወሉ ይመለከቱኝ ነበር። በተሳቢው ግራ በኩል ያለውን የኋላ ገመድ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ እግሬን ጎማው ላይ ተክዬ፣ ሦስት ጊዜ ሳብኩት። ገመዱ ደረቅ ነው። ጥብቅ ነው።